ድንኳን የማይጣልለት ስብ

ሱሉልታ ውስጥ በማለዳ ሁለት ዓይነት ወንድ ይታያል። አንደኛው የሚያሳድደው ሳይኖር ሜዳውን የሚያቋርጥ፣ ጉንጩ የጎደጎደ ሯጭ ነው፤ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ሜዳ ያሠራው እዚሁ ነው። ሁለተኛው ከሥጋ ቤት ደጃፍ ወንበር ስቦ፣ ሯጩን እያየ «ምስኪን፣ ምን ይበላ ይሆን?» እያለ የሚያዝን ጎልማሳ አባወራ ነው።

ይህ አባወራ ቦርጩን ብቻውን አላበቀለውም። አማቱ «በሞቴ» እያሉ ያጎረሱት አለበት። ባለቤቱ ሰው እንዳይታዘባት ቅቤ የደገመችበት አለበት። ክርስትናው፣ ማኅበሩ፣ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ጎረቤት ግብዣ፣ ሁሉም የየድርሻውን አዋጥቷል። የከሳውን «ምነው፣ አሞሃል?»፣ የወፈረውን «ተመችቶሃል!» በሚል ሕዝብ መካከል ቦርጭ የግል ንብረት ነው ለማለት ይቸግራል።

የእድራችን ዳኛ የሱሪ ቁጥራቸው በወጣትነታቸውም 34 ነበር፣ ዛሬም 34 ነው። በየዓመቱ ዝቅ ያለው ቀበቶው ነው። ሐኪም ግን የሚለካው ቀበቶ ያረፈበትን ሳይሆን በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ያለውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሚጠቅሰው ልክ፣ የወንድ ወገብ ከ94 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከ102 ሲያልፍ ደግሞ የስኳርና የልብ በሽታ ስጋቱ በእጅጉ ይጨምራል። ዳኛው በልብስ ሰፊው ሜትር 109 መጡ።

«ሜትሩ አርጅቶ ተለጥጧል» አሉ።

«የተለጠጠ ሜትርማ አሳንሶ ነው የሚያሳየው፣ ጋሼ» አለ ልብስ ሰፊው።

ከዚያ በኋላ ነው ከተማ ውስጥ ስብ በብርድ የሚገድል መሣሪያ መኖሩ የተወራው። ቢላዋ የለም፣ ማደንዘዣ የለም፤ ተኝቶ መነሣት ብቻ። ለወገኖቼ ከዚህ የበለጠ የሚጥም የሕክምና ዓይነት አላውቅም። ሐሳቡ የመጣው በረዶ ከረሜላ የሚመጠምጡ ሕፃናት የጉንጫቸው ስብ ሲጎዳ ሐኪሞች በማስተዋላቸው ነው ይባላል፤ ስብ ከቆዳ ቀድሞ በብርድ ይጎዳልና። አሜሪካኖቹ መሣሪያውን በ2010 ለጎን፣ በ2012 ለሆድ ፈቀዱት። ሥጋውን ስቦ ይይዝና እስከ አንድ ሰዓት ያቀዘቅዘዋል፤ በያዘው ቦታ ላይ የስቡን ውፍረት ከ20 እስከ 25 በመቶ ያህል ይቀንሳል። «ብርድ ስብ የሚገድል ቢሆን በኅዳር ሌሊት ሱሉልታ ላይ ማን ቦርጭ ይተርፈው ነበር?» ያሉት የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ናቸው።

የስቡ ሴል እንደቀዘቀዘ አይጠፋም። ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ሰውነትም ሬሳውን በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ያነሣል። ድንኳን የለ፣ ንፍሮ የለ፣ ሠልስት የለ። የእድር ዳኛ በገዛ ሆዳቸው ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ቀብር ያለ ጡሩምባ እንዲፈጸም መስማማታቸው አሁንም ይገርመኛል።

ክሊኒኩ ውስጥ ግን ነርሷ ሆዳቸውን ልትቆነጥጥ ሞክራ አቃታት። እንደ ከበሮ የተወጠረ ነበር። «ጋሼ፣ መሣሪያው የሚያነሣው ከቆዳ በታች ያለውን ነው፤ የእርስዎ የሚበዛው ከጡንቻው ወዲያ፣ አንጀትና ጉበት ዙሪያ ነው» አለቻቸው። የጎልማሳ ወንድ ቦርጭ ጣጣው ይኸው ነው፤ ለበሽታም የሚያሰጋው ይኸው የውስጡ ነው። እሱን የሚያውቁት እግርና ማዕድ ናቸው፤ ብዙ መራመድ፣ ጥቂት መጉረስ፣ ድራፍቱን መተው። ጭራሽ በጥቂት ሰዎች ላይ የቀዘቀዘው ስብ በመሞት ፈንታ ይፋፋል፤ ይህም በወንዶች ላይ ይበረታል። የእኛ አገር ብርድ የለመደ ስብ ምን እንደሚያደርግ እንግዲህ መገመት ነው።

ዳኛው ግን ከጎናቸው የምትቆነጠጥ ጥቂት ሥጋ ስለተገኘች በእሷ ቀጠሮ ያዙ። ቀኑን የመረጡት በብልሃት ነው፤ የዐቢይ ጾም መግቢያ። 55 ቀን ጾመው ወገባቸው ቢቀንስ ምስጋናውን የሚወስደው መሣሪያው ነው፤ ገንዘቡም በከንቱ አልወጣም ይባላል። ለፋሲካ ቅርጫው ከወዲሁ ተመዝግቧል። ዝርዝሩን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ አየሁት፤ ከአንደኛው ስም አጠገብ በዳኛው የእጅ ጽሑፍ «መደቤ ላይ ሻኛ እንዳይጎድል» ይላል።