ራዕይ አለ፣ ሎሚ የለም

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ጉሮሮዬን ከረከረኝና ሰፈራችን ጥግ ያለው ጁስ ቤት ገባሁ።

«የሎሚ ጁስ አለ?»

«ሎሚ የለም ጋሼ።»

«አቮካዶስ?»

«አልበሰለም።»

«ማንጎ?»

«አልመጣም።»

«ስፕሪስ?»

ልጁ አዘነልኝ። ስፕሪስ ከምን ከምን እንደሚሠራ የማላውቅ መስሎት ይሆናል። «እሺ ምን አለ?» ስለው ዞር ብሎ ግድግዳውን አየ። እኔም አየሁ። ከጣሪያ እስከ ወለል የተዘረጋ ባነር። «ራዕያችን፦ በ2022 ዓ.ም. በአፍሪካ ተመራጭና ቀዳሚ የተፈጥሮ መጠጥ አቅራቢ ሆኖ መገኘት።»

ራዕይ አለ ማለት ነው። አንድ ብርጭቆ ራዕይ ጠጥቼ ወጣሁ።

እናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ቤት እንዳለ አውቃለሁ። ዳቦ ቤት ሊሆን ይችላል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ሊሆን ይችላል። በሩ ላይ የምድር ሉል የተሳለበት፣ ስሙ «ግሎባል» ወይም «ኢንተርናሽናል» የሚል፣ ሁለት መቶ ብር ስትሰጡት ግን «ዝርዝር የለም» የሚላችሁ። እባካችሁ አትማረሩበት። ዝርዝር የትናንሽ ሰዎች ነገር ነው።

የኛን ጁስ ቤት በተለይ አደንቃለሁ። ሦስት ጠረጴዛና አንድ መፍጫ አለው። መፍጫው ድሮ ክዳን ነበረው። የባለቤቱ ቢዝነስ ካርድ ላይ «ዋና ሥራ አስፈጻሚ» ይላል። ልክ ነው። አስፈጻሚው እሱ ነው፣ ፈጻሚው የእህቱ ልጅ ነው። ከሥሩ ደግሞ «አስመጪና ላኪ» ይላል። ሰፈርተኛው ይስቃል። እኔ ግን አጣርቼአለሁ፣ አንድም ውሸት የለበትም። አቮካዶ ከኃይሌ ጋርመንት አትክልት ገበያ ያስመጣል። ልጁን ደግሞ ዝርዝር ፍለጋ ጎረቤት ሱቅ ይልካል።

ባነሩ ላይ ያለው ዓመት የራሱ ታሪክ አለው። እኔ መጀመሪያ ሳየው 2012 ይል ነበር። 2012 መጣ፣ ኮሮናም አብሮ መጣ። በላዩ ላይ 2015 ተለጠፈ። ከዚያ 2017። አሁን 2022። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ዓመቶቹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተደራርበዋል። አንድ ነገር ግን ልመስክር፦ እዚያ ቤት ስኳር አልቆ ያውቃል፣ ውሃ ጠፍቶ ያውቃል፣ ፕላስተር ጎድሎ አያውቅም።

ከራዕዩ ሥር «ግቦቻችን» የሚል አለ። አንደኛው ግብ ካፒታልን 1 ሚሊዮን ዶላር ማድረስ ነው። የ2016 ክረምት ሲገባ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለ፣ ብዙም ሳይቆይ ዶላሩ መቶ ብርን አልፎ ሄደ። ያን ሰሞን የሰፈሩ ባለሱቅ ሁሉ እንቅልፍ አጣ። የዘይቱን ዋጋ ስንት ብሎ ይጻፍ? የጁስ ቤቱ ጌታ ግን በአንድ ክረምት ግቡ ከ57 ሚሊዮን ብር ወደ መቶ ምናምን ሚሊዮን ሲዘል ዓይኑን እንኳን አላሸም። እንዲህ ያለ የመንፈስ ጽናት የት ይገኛል? ከ57 ሚሊዮኑም ከመቶ ሚሊዮኑም እኩል ለራቀ ሰው ልዩነቱ ምኑ ነው?

ሐምሌ ካነሳሁ አይቀር፣ ሐምሌ ሲገባ ባነሩ ይወርዳል። «ለእጥበት ነው» ይላል። ትናንሽ ነጋዴዎች ግብር የሚከፍሉበት ወር መሆኑ አጋጣሚ ነው። የቀን ገቢ ግምት የሚባል ነገር ከተነሳ የአፍሪካው ቀዳሚ አቅራቢ «ኧረ እኔ ምን አለኝ፣ ለልጆች ዳቦ ነው» ብሎ አንገቱን ይደፋል። ግብ ሲጠየቅ ትልቅ፣ ግብር ሲጠየቅ ትንሽ። ነሐሴ አንድ ቀን ባነሩ ታጥቦ ይሰቀላል።

ፊት ለፊቱ ያለችው እንጀራ ሻጭ ግን ታሳዝነኛለች። ግድግዳዋ ባዶ ነው። ሐሙስ 80 እንጀራ ትሸጣለች፣ ቀድማ አቡክታለች። ሊጥ ደግሞ ትዕግሥቱን ታውቁታላችሁ፣ እስኪቦካ ሦስት ቀን ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ሰኞ ላይ ሆና የሐሙስን ማወቅ አለባት። ጾም ነው? ሰርግ አለ? የማን ቤት ተዝካር ነው? ካበዛች ይደርቅባታል፣ ካሳነሰች ደንበኛ ይሄድባታል። ሐሙስ አሥር ሰዓት ሲሆን 80ዋን ጨርሳ መሶቧን ገልብጣ ትሄዳለች። ሦስት ቀን ብቻ! አህጉር የለ፣ ሉል የለ። እንዲህ ያለ የራዕይ ድህነት እያለ አገር እንዴት ያድጋል?

ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት የሚባሉትን ሦስት ወንድማማቾች መጀመሪያ የተዋወቅነው ቢፒአር በሚባለው የመሥሪያ ቤቶች የአሠራር ለውጥ ዘመን፣ ቢሮ ግድግዳ ላይ ነው። ወረፋ ስንጠብቅ አነበብናቸው። ወረፋው ረጅም ስለነበር በቃላችን ያዝናቸው። አሁን ያሉት አሠልጣኞች ደግሞ «ስማርት ግብ» ይሉናል፤ አምስቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት እያንዳንዳቸው ጥሩ ግብ ምን መምሰል እንዳለበት ይናገራሉ። ነገሩን በእ.ኤ.አ. 1981 የጻፈው ጆርጅ ዶራን የሚባል አማካሪ ነው። «የሚደረስበት» እያሉ የሚያስጨበጭቡባት «ኤ» የምትባለው ፊደል እሱ ሲጽፋት ትርጉሟ ሌላ ነበር፦ «ማን ይሠራዋል?» የምትል ነበረች። ለምን እንደተቀየረች እኔ ጋ መልስ አለኝ። እስቲ ጁስ ቤቱ ገብታችሁ «ሎሚውን ማን ያመጣዋል?» በሉ። የአስፈጻሚና የፈጻሚ ጠብ ታያላችሁ።

የትልቅ ግብ ምቾቱ እዚህ ላይ ነው። ማንም መጥቶ «ከአፍሪካ ስንተኛ ሆንክ?» ብሎ አይጠይቅህም። «ነገ ጠዋት ሎሚ ይኖራል» ብለህ ለጥፍ እስቲ! ነገ ጠዋት ከነጉሮሮዬ ከች እላለሁ።

የጎረቤቴ ልጅ አረብ አገር ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ መጣች። ፀጉር ቤት መክፈት ነበር ሐሳቧ። ሁለት ወንበር፣ አንድ ካስክ፣ ከእናቷ ቤት አጠገብ። ከዚያ ሰው መከራትና መግቢያ ከፍላ ሥልጠና ገባች። «ትንሽ ማሰብ የድሃ አስተሳሰብ ነው» አላት መድረኩ ላይ የሚንጎራደደው። አዳራሹ አጨበጨበ። ሦስት ቦታ በአንዴ ከፈተች። የስድስት ስድስት ወር ኪራይ ቅድሚያ ከፈለች። ዓመት ሳይሞላ ወንበሮቹን በግማሽ ዋጋ ሸጠች። አሁን ፓስፖርቷን እያሳደሰች ነው። ሰውየው ዛሬም አዳራሽ ይሞላል። አንድ ቀን ሱቅ ከፍቶ ሰው ሲጠብቅ አልዋለም፣ አንድ ቀን የኪራይ ቀን ደርሶበት አልተጨነቀም። ንግድ ፈቃዱ ምላሱ ነው። የሷን ስድስት ዓመት ማን ይመልስላታል? ሰው ልብስ ተኩሳ፣ ሰው ልጅ አሳድጋ ያመጣችውን ገንዘብ በጭብጨባ መብላት ሌብነት ካልሆነ ስሙን ንገሩኝ።

ወደ ጁስ ቤቱ ልመለስ። አንድ ምስጢር አለ። እኔና ባለቤቱ አንድ እቁብ ውስጥ ነን። ሠላሳ ሰው፣ በሳምንት 2,000 ብር፣ እሑድ ከሰዓት። ይህ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት እሑድ አላጎደለም። ሰዓትም አያሳልፍም። የእቁብ ደብተራችን ላይ ራዕይ የሚባል ቦታ የለም። ስም አለ፣ ብር አለ፣ ቀን አለ። ያልከፈለውን ደግሞ ዳኛችን በሰው ፊት ስሙን ይጠራዋል። የአፍሪካው ቀዳሚ እሑድ እሑድ ከመጡት ሁሉ ቀድሞ ነው የሚገኘው። ይህን ያህል ጎበዝ መሆኑን ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ባነሩ ላይ አልጻፈውም።

ያለፈው እሑድ ዕጣው ለሱ ወጣ። 60,000 ብር። ብሩን ለመውሰድ ዋስ ያስፈልግ ነበርና እኔን አየኝ። ሳላቅማማ ፈረምኩ። በልቤ ሎሚ ሸተተኝ፣ ክዳን ያለው መፍጫም ታየኝ።

ስንወጣ ሰብሳቢያችን ጠየቀው፦ «እንግዲህ መፍጫውን ትለውጥ ይሆናል?»

«አይ» አለ ብሩን ደረት ኪሱ እየከተተ። «ባነሩ ጠቦናል። ከአፍሪካ ወደ ዓለም ከፍ ልናደርገው ስለሆነ በመብራት አሠራዋለሁ።»

ለዓለም አንደኛነቱ ዋሱ እኔ ነኝ እንግዲህ።