ይድረስ ለ«አልተመረጡም»

ይድረስ በየማታው ስልኬን ለምታንቀጠቅጠው ለኒው ዮርክ ብሮድዌይ ቲያትሮች የቅናሽ ትኬት ዕጣ መልስ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከቲያትር ናፍቆት በስተቀር፣ ክብር ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነኝ።

እንግሊዝኛህ አንተና አንቱን አይለይም። እኔ ግን ለክብሬ ስል «እንዳለመታደል ሆኖ አልተመረጡም» እያልኩ ነው የማነብህ። አንቱ ተብሎ መባረር ቢያንስ ወግ አለው።

ግራ የገባኝ አንድ ነገር አለ። እኔ እኮ ዲቪ የደረሰኝ ሰው ነኝ፤ ያውም በመጀመሪያ ሙከራዬ። አሜሪካን የሚያህል አገር በዕጣ ያገኘሁ ሰው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀምጬባት ለምነሳ አንዲት ወንበር ዕድል እንዴት ትክደኛለች? ሂሳቡን ስሠራው ግን ገባኝ። እኔ በደረሰኝ ጊዜ ዲቪ በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ ያድል ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ስለ አሜሪካዊው መሥራች አሌክሳንደር ሃሚልተን የሚተርከው ሙዚቃዊ ቲያትር «ሃሚልተን» የ10 ዶላር ዕጣውን ከቲያትር ቤቱ በር ወደ ኢንተርኔት ሲያዞር፣ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ50,000 በላይ ሰው ገብቶ ድረ ገጹን ዘረረው። ወንበሩ 21። (ዋጋው 10 የሆነው የሰውየው ምስል 10 ዶላሩ ላይ ስላለ ነው። 100 ዶላሩ ላይ ስላለው ፍራንክሊን ቲያትር እንዳይሠሩ ስለት ገብቻለሁ።)

ድሮማ የሚያጽናና ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 «ሬንት» የተባለው ሙዚቃዊ ቲያትር የፊት ረድፎቹን በዕለቱ በ20 ዶላር ሲሸጥ፣ ወጣቱ አስፋልት ላይ እያደረ ይሰለፍ ነበር፤ በኋላ ነው ነገሩ ወደ ዕጣ የዞረው። ያኔም ቢሆን በር ላይ ስለሚወጣ፣ ካልደረሰህ ያልደረሰው ሰው አጠገብህ አለ፤ የደረሰውን አብራችሁ ታሙታላችሁ። አሁን አንተንና እኔን ማን ይገላግለን?

ታይምስ ስኩዌር፣ ከቀዩ ደረጃ ሥር ያለው የቲያትር ትኬት መሸጫ መስኮት እስከ ግማሽ ዋጋ ይቀንሳል ይሉኛል። የብሮድዌይ ዋጋ ግማሹም የሳምንት አስቤዛዬ ነው።

ዕቁብ ብትሆን ኖሮ ይሄኔ ዞረህ ዞረህ ደርሰኸኝ፣ ዳኛውን ጠጅ ጋብዤ ነበር።

ባለፈው ወር የሆነውን ግን ይቅር አልልህም። ለአንድ አሸናፊ ሁለት ትኬት ስለሚሰጥ፣ ብሮንክስ አብራኝ የምትኖረውን አክስቴን በስሟ አስገባኋት። ማታ ከሥራ ስመለስ ቡና እየቆላች ናት። ጭሱ ውስጥ ሆና፣ ማንከሽከሹን ሳታቆም፣

«ዛሬ ደግሞ ምን ዓይነት ሌባ መጣብኝ መሰለህ» አለችኝ።

«ምን አለሽ?»

«እንኳን ደስ አለዎት፣ አሸንፈዋል፣ በ60 ደቂቃ ውስጥ በካርድ ይክፈሉ አለኛ! እኔን ሊበላ! አጥፍቼ ገላገልኩህ።»

ምን ልበላት? አሥር ጊዜ «እንዲህ የሚል ነገር ከመጣልሽ እንዳትነኪው» ብዬ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። አንተስ ብትሆን፣ ስታባርረኝ እንደ ጨዋ፣ ስትሰጠኝ እንደ አጭበርባሪ መጻፍ ከማን ተማርክ? ቡናውን እስከ በረካ ጠጣሁ። አልጣፈጠኝም።

ለረቡዕ ስሜን አስገብቻለሁ። አክስቴም ገብታለች፤ ስልኳን ግን እኔ ይዣለሁ።

አክባሪህ፣
ያልተመረጥኩት