ለመናፈሻ ቦታ የሚሰጥ ባለይዞታ ግብሩ ላይ ምን ያገኛል?

ድሬዳዋ ውስጥ ፀሐይ ሲበረታ ሰው የሚጠለለው በአብዛኛው ከዚራ ሰፈር ነው፤ በባቡሩ ዘመን የተተከለው ዛፍ ዛሬም ያገለግላል። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር ሲገባ ቤቱ ይጠጋጋል፣ ጥላው ይሳሳል። አስተዳደሩ ለመናፈሻ ቦታ ሲፈልግ የለመደው መንገድ ካሳ ከፍሎ ማስለቀቅ ነው። ባለይዞታው በፈቃዱ እንዲሰጥ የሚገፋፋው ነገር ግን የለም ማለት ይቻላል።

አሜሪካ ቦታ ለሕዝብ የሚለግስ ሰው የቦታውን የገበያ ዋጋ ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ይቀንሳል፤ በዓመት ከገቢው እስከ 30 በመቶ፣ የተረፈው ደግሞ ለ5 ዓመት ይሻገርለታል። የእኛ ጉዳይ ከሥሩ ይለያል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ግለሰብ ሊለግስ የሚችለው የመጠቀም መብቱንና በላዩ የሠራውን ግንባታ ብቻ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በወጪ የሚይዘው ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅትና ማኅበር የተሰጠን፣ ወይም ለመንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ ጥሪ ምላሽ የተደረገን ስጦታ ነው፤ ያውም ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ሳያልፍ። እስቲ እናስላው። ዓመታዊ ትርፉ 1 ሚሊዮን ብር የሆነ ኩባንያ 1.5 ሚሊዮን ብር የሚገመት ይዞታ ቢሰጥና ስጦታው ተቀባይነት ቢያገኝ እንኳ በወጪ የሚያዝለት 100,000 ብር ብቻ ነው። በ30 በመቶ ሲሰላ ግብሩ የሚቀንሰው በ30,000 ብር ነው። ይህን አይቶ ካርታውን የሚያስረክብ ነጋዴ አይገኝም፤ ሊወቀስም አይገባም።

የገቢ ግብር ሕጉን ማሻሻል የፌዴራል ሥራ ነው። አስተዳደሩ ግን በእጁ ያለውን መጀመር ይችላል፦ በተሰጠው ካሬ ሜትር ልክ ቀሪውን የሊዝ ዕዳ መሰረዝ፣ የቦታ ኪራዩንም ማንሳት። ከ2,000 ካሬ ሜትር 500ውን የሰጠ ሰው የቀሪ ዕዳው ሩብ ቢነሳለት ጥቅሙን በዚያው ዓመት ያየዋል።

ሂደቱ ላይ ብዙ ስጦታ የሚበላሸው በፎርም ጉድለት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2443 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ እንደ ግልጽ ኑዛዜ፣ ማለትም ተጽፎ በምስክሮች ፊት ተነቦና ተፈርሞ፣ ካልተደረገ ፈራሽ ነው። በወረዳ ጽሕፈት ቤት የተፈረመ የምስጋና ደብዳቤ ወራሾች ፍርድ ቤት ሲሄዱ አያድንም። ስለዚህ አስቀድሞ ቦታው ይለካ፣ ካርታው ለሁለት ይከፈል፣ ከዕዳና እገዳ ነጻ መሆኑ ይጣራ፣ የትዳር ጓደኛም ትፈርም፤ ውሉ ከዚያ ይጻፍ። ባንክ የያዘው ይዞታ ከሆነ ባንኩ ሳይስማማ አንድ እርምጃ መሄድ አይቻልም።

ግምት ሌላው አደጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ ባለሀብቶች ተሰባስበው ርካሽ መሬት እየገዙ፣ የማልማት መብቱን በብዙ እጥፍ እያስገመቱና እየለገሱ ግብር ሲያስቀንሱ ቆይተው፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ የወጣ ሕግ ቅናሹ ካወጡት ገንዘብ 2.5 እጥፍ እንዳያልፍ ገደበ። እኛም ዘንድ ገማቹን ሰጪው መምረጥ የለበትም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የገደለበት ከተማ ውስጥ ደግሞ ጎርፍ የሚበላውን ዳርቻ በመሀል ከተማ ዋጋ አስገምቶ መስጠት እንዳይቻል ሊታገድ ይገባል። ዳርቻው ለዛፍ ይሁን፣ ዋጋው ግን የዳርቻ ይሁን።

ውሉ ሁለት ነገር በግልጽ መያዝ አለበት። ቦታው ከመናፈሻነት ወጥቶ ለሌላ ልማት ቢተላለፍ ምን እንደሚሆን አንደኛው ነው፤ ይህ ካልተጻፈ ቀጣዩ ሰጪ አይመጣም። ሁለተኛው ውኃ ነው። ኒም እንኳ ሥር እስኪይዝ በመጀመሪያዎቹ በጋዎች ውኃ ይፈልጋል፤ በቦቴ ይሁን በመስመር፣ ማን እንደሚያቀርብና ከየትኛው በጀት እንደሚከፈል ከርክክቡ በፊት ይወሰን።