ሰንጢዋን እቤት አስቀምጧት

የወሎ ልጆች ዛሬ እስኪ ስሙኝ፣ ከፍቶኝ ነው የምጽፈው። ጩቤና ገጀራ በህግ ይከልከል አይከልከል እያላችሁ ስትነታረኩ ሰነበታችሁ፣ ግማሻችሁ ገበሬው ማጭዱን የት ሊጥለው ነው ትላላችሁ ግማሻችሁ ደግሞ መንግስት ስለት የሚባል ሁሉ ይልቀም ትላላችሁ፣ የራሱን ኪስ የፈተሸ ግን አንድም አላየሁ።

በቀደም ደሴ እኛ ሰፈር አብረው ያደጉ ሁለት ልጆች በኳስ ውርርድ በ200 ብር ተጣሉ። ድሮ ቢሆን በቡጢ ተቃምሰው ከንፈር አብጦ በማግስቱ አንድ ላይ ኳስ ያዩ ነበር፣ አሁን ግን አንደኛው ኪስ ውስጥ ሰንጢ ነበረች፣ ብርቱካን የሚላጥባት ቀይ እጀታ ያላት ስትታጠፍ ከጣት የማትበልጥ። ሀኪም ቤት ኮሪደር ላይ ከተወጋው ልጅ እናት ጋር ቁጭ ብዬ አደርኩ፣ የልጇን ጫማ አቅፋ ነው ያነጋችው። ቁስሉን አይቼዋለሁ፣ ከውጭ የአውራ ጣት ጥፍር አያክልም፣ ውስጡን ግን አንጀቱን ሁለት ቦታ በስታዋለች። ተረፈ አልሀምዱሊላህ። የወጋው 19 ዓመቱ ነው፣ በ1996ቱ የወንጀል ህግ አንቀጽ 555 ከባድ የአካል ጉዳት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት አለው፣ የተወጋው ቢሞትማ ኖሮ አንቀጽ 540 ነበር፣ የግድያው፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት። ሁለቱ እናቶች አቦሉን እዚህ በረካውን እዚያ የሚጠጡ ጎረቤቶች ነበሩ፣ አሁን አንዷ ስታልፍ ሌላዋ በሯን ትዘጋለች።

ራሴን ልከላከልበት ነው አትበሉኝ። ከማን? ከዚያው እንደ እናንተ ፈርቶ ከያዘው ልጅ ነው፣ አንዱ ሲይዝ ሌላው ይይዛል፣ በመጨረሻ ሰፈሩ ሁሉ ታጥቆ ይውላል።

ባቲ ሰኞ ገበያ ሄዳችሁ እዩ፣ የአፋር ሽማግሌ ጊሌውን፣ ያንን ቆልመም ያለውን የአፋር ጩቤ፣ በወገቡ ታጥቆ ግመሉን ይሸጣል። እሱ ይታያል፣ አንድ ነገር ቢፈጠር ጎሳው ይጠየቅበታል ሽማግሌ ይቀመጥበታል። የናንተዋን ሰንጢ ግን እናታችሁም አታውቃትም፣ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ የተደበቀው ነው።

ህጉን በተመለከተ እንግሊዞች ያደረጉት ነገር ይገባኛል፣ ስለቱ ከ7.62 ሴንቲ ያልበለጠ ታጣፊ ካልሆነ በስተቀር ያለ በቂ ምክንያት አደባባይ ይዞ መገኘት እስከ 4 ዓመት ያሳስራል፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅም ቢላ አይሸጥም። ለሥራው የያዘ ሰው ምክንያቱን ይናገራል። እኛም ጋ ቢሆን እርሻ የሚወርድ ማጭዱን ይያዝ ስጋ ቆራጩ ካራውን ይሳል፣ ጫት ቤትና ጆተኒ ቤት ግን በሰንጢ የሚሠራ ምን ሥራ አለ? እናንት ሱቅ ያላችሁም፣ ዩኒፎርም ለለበሰ ልጅ ሰንጢ እየሸጣችሁ እኔ ምን አገባኝ አትበሉ ያገባችኋል።

አባቶች፣ አበጋሮቻችን፣ አስታራቂ ሽማግሌዎቻችን፣ ደም ሲያደርቁ ስንት ቀን እንደሚለፉ ታውቃላችሁ፣ ደሙ ሳይፈስ በፊት ልጆቻችሁን ቁጭ አድርጋችሁ ምነው አታናግሩም?

ቅዳሜ ሰፈራችን ሰርግ አለ፣ የቆሰለው ልጅም ይመጣል፣ ገና ቀና ብሎ መሄድ አልቻለም። ስትመጡ ሰንጢያችሁን እቤት አስቀምጣችሁ ኑ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ አንድ በአንድ እጠይቃችኋለሁ።