ለባሕር ዳር የቱ ይሻላል? ዩዋን ፕላስ ወይስ አይዲ 4

ባሕር ዳር ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «አንዴ ከሞላ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብሎ ነው። ሻጩ ትልቁን ቁጥር ይጠራል፣ ወሬው እዚያው ያልቃል። እኔ ግን ለዚህች ከተማ ሰው ከዚህ በፊት የሚጠየቁ ብዙ ነገሮች አሉ ባይ ነኝ።

ሰሞኑን ብዙ ሰው የሚያወዳድራቸውን ሁለት አነስተኛ ኤስዩቪዎች፣ የቢዋይዲን ዩዋን ፕላስና የቮልስዋገንን አይዲ 4፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ ነድቼ አየኋቸው። አንዱ የዘመድ ነው፣ ሌላው የወዳጅ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ከተነገረ ወዲህ፣ አዲስ መኪና የሚፈልግ ሰው ምርጫው እነዚህና መሰሎቻቸው ናቸው። የማደያውን ሰልፍ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።

የኪሎ ሜትሩን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። ዩዋን ፕላስ ባለ 60.48 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ነው። በቻይና መለኪያ 510 ኪሎ ሜትር፣ በአውሮፓ መለኪያ 420 ይሄዳል ይባላል። መኪናው ያው ነው፤ የተለያየው መለኪያው ነው። ባለ 77 ኪሎዋት ሰዓቱ አይዲ 4 ከዚህ ይበልጣል፣ አያጠያይቅም። ግን አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሃል ላይም የአባይ በረሃ አለ። በአንዱም ቢሆን ሳልሞላ እደርሳለሁ ብዬ አልነሳም። ከተማ ውስጥ ደግሞ ተራ የቤት ሶኬት ላይ ያደረ መኪና ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ኃይል ይዞ ይነሳል። ከፔዳ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ እስከ አዲሱ የአባይ ድልድይ ማዶ ሲመላለስ የሚውል ሰው እንኳ ይህን አይጨርሰውም።

ለእኔ ሚዛኑን የደፋው የባትሪው ዓይነት ነው። የዩዋን ፕላስ ባትሪ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ነው። በየቀኑ እስከ 100 በመቶ ቢሞላ ብዙም አይጎዳም፤ ሙቀትም ይችላል። የአይዲ 4 ባትሪ ኒኬልና ኮባልት ያለበት ነው፤ አምራቹም ለዕለት ተዕለት ጉዞ እስከ 80 በመቶ ብቻ እንዲሞላ ይመክራል። መብራት ሳይነግር በሚሄድበት ከተማ ይህ ምክር ይከብዳል። መብራት ሲመጣ ጢም አድርጎ መሙላት ነው የሚያዋጣው። በዚያ ላይ ዩዋን ፕላስ ለቤት ዕቃ ኃይል መስጠት ይችላል፤ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን ከመኪናው ላይ ትሰካላችሁ። ያየሁት አይዲ 4 ይህ የለውም።

አነዳድ ላይ ግን አይዲ 4 ይበልጣል። የሞተራቸው ጉልበት እኩል ነው፤ ሁለቱም 150 ኪሎዋት። ልዩነቱ አይዲ 4ን የሚገፋው የኋላ ጎማ፣ ዩዋን ፕላስን የሚጎትተው የፊት ጎማ መሆኑ ነው። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ሽቅብ ስወጣ በደንብ ለየሁት። ጠጠር ላይ እግሬን ጠንከር ሳደርግ የዩዋን ፕላስ የፊት ጎማ ትንሽ ይፍተለተላል፤ አይዲ 4 ዝም ብሎ ይወጣል። ዙሪያውን ለመዞርም 10.2 ሜትር ይበቃዋል። ግራና ቀኝ ባጃጅ በተደረደረበት የኮብልስቶን መንገድ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ውስጡ ሌላ ታሪክ ነው። አይዲ 4 ላይ የሾፌሩ በር ያለው የመስኮት ቁልፍ ሁለት ብቻ ነው። የኋላውን መስኮት ለማውረድ መጀመሪያ ሌላ ምልክት መንካት አለባችሁ። ሚያዝያ ላይ ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ውስጥ ልጆች ከኋላ «ክፈቱልን!» እያሉ ይህን መፈለግ ያናድዳል። ዩዋን ፕላስ አራቱንም ቁልፍ በየቦታው አስቀምጧል። የበሩ ኪስ ላይ የተወጠሩትን ቀያይ ገመዶች ልጆቹ እንደ ክራር ሲመቷቸው ዋሉ። ይህን ወድጄዋለሁ።

ገንዘቡ የእኔ ቢሆን ዩዋን ፕላስን እገዛለሁ። ጎንደር 180 ኪሎ ሜትሩን አዘውትሮ ደርሶ መልስ የሚሄድና ብዙ ዕቃ የሚጭን ሰው ግን አይዲ 4 ቢል አልከራከረውም። የኋላ መጫኛው 543 ሊትር ነው፣ የዩዋን ፕላስ 440።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ክልከላው ለመላው አገር ነው፤ ቻርጅ ማድረጊያውና ባለሙያው ግን በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ባትሪው ችግር ቢገጥመው መኪናውን ጭኖ መውሰድ ሊመጣ ነው። መኪኖቹን የሚያመጡ ነጋዴዎች እዚህም የሠለጠነ መካኒክ ማስቀመጥ አለባቸው፤ ገዢውም ይህን ሳይጠይቅ መክፈል የለበትም።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጊዜ ተንበርከካችሁ ከሥር እዩት። ባትሪው ያለው ወለሉ ሥር ነው። ዩዋን ፕላስ ከመሬት ያለው ከፍታ 175 ሚሊ ሜትር ነው፤ አምስት ሰው ሲጫን ደግሞ ይወርዳል፤ የክረምቱን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ታውቁታላችሁ። ተቀያሪ ጎማ እንዳለውም ጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ ማጣበቂያና መንፊያ ብቻ ነው የሚሰጣችሁ፣ ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ደግሞ ያ አይሠራም። ለቻይና ገበያ የተሠራ ከሆነ ስክሪኑ ወደ እንግሊዝኛ መቀየሩን እዚያው አስከፍታችሁ እዩ። የቻርጁም አፍ ከአውሮፓው ይለያል፤ አስማሚውን ከነመኪናው ተቀበሉ።