አልጋው ወደ ቤት ይሂድ ወይስ ባለበት ይቆይ? ክርክር ከጅማ

የክርክሩ ነጥብ፦ አልጋ የሚያስይዝ አጣዳፊ ሕመም ያለበትን ሰው ሐኪምና ነርስ እየተመላለሱ ቤቱ ማከም በጅማ ከተማ ይጀመር ወይስ አይጀመር? የውስጥ ደዌ ሐኪሙ «ይጀመር» ይላሉ። በተኝቶ ታካሚዎች ክፍል የሚሠሩት ሲስተር ይቃወማሉ።

ዶክተሩ፦

ከአልጋው ልነሳ። ጅማ ያለው ሪፈራል ሆስፒታል የከተማው ብቻ አይደለም፤ ከበደሌ፣ ከመቱ፣ ከቦንጋና ከሚዛን ሪፈር የተጻፈለት ሰው መድረሻው እዚያ ነው። ቤቱ ሂርማታ ወይም ጂረን የሆነ ሰው በቀን አንዴ ለምትሰጥ መርፌ ሳምንት ሙሉ ከተኛ፣ ከቦንጋ የመጣው ድንገተኛ ክፍል ወንበር ላይ ያድራል። የከተማውን ሰው ቤቱ ብናክመው አልጋው የሚለቀቀው ለዚያ ለሩቁ ሰው ነው።

ሁሉም ይውጣ አልልም። እግሩ በቆዳ ኢንፌክሽን ያበጠ፣ ኩላሊቱን ኢንፌክሽን የያዘው፣ ቀለል ያለ የሳንባ ምች ያለበት፣ ሰውነቱ ውሃ የቋጠረ የልብ ድካም ሕመምተኛ፤ እነዚህን ነው የምለው። የመጀመሪያዎቹን 24 ሰዓታት ሆስፒታል ይቆያሉ፤ የደም ምርመራቸው ይታያል፤ የመጀመሪያውን መድኃኒት እዚያው ይወስዳሉ። ትንፋሽ፣ ኦክስጅን፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ሙቀትና ንቃት ተለክተው የሚደመሩበት ኒውስ የሚባለው ነጥብ 5 ከደረሰ መውጣት የለም። ቤቱ በባጃጅ ከ30 ደቂቃ በላይ ከራቀ፣ ወይም ሌሊት አብሮት የሚያድር አዋቂ ከሌለ፣ እዚያው ይተኛል።

ከዚያ በኋላ ሐኪም በቀን አንዴ፣ ነርስ በቀን ሁለቴ ያዩታል፤ ለአምስት ሕመምተኛ አንዲት ነርስ ትበቃለች። ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። ዱቄቱ ፍሪጅ አይፈልግም፣ በቀን አንዴ ይበቃል፣ 1 ግራሙ በ10 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ ተበጥብጦ ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ቀስ እያለ ደም ሥር ውስጥ በተተከለው ቀጭን ቱቦ፣ በካኑላው፣ ይገባል። ካልሲየም ካለው ፈሳሽ፣ ለምሳሌ ከሪንገር ላክቴት ጋር ግን አይገናኝም፤ ይረጋል። በነርሷ ቦርሳ ውስጥ አድሬናሊን ሳይኖር መርፌ አይወጋም። አለርጂ ከተነሳ ለአዋቂ ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ 1 ለ1,000ውን፣ በጭን ጡንቻ በውጭ በኩል። ያገለገለ መርፌ ቤት አይቀርም፤ በሴፍቲ ቦክስ ተመልሶ ይመጣል።

ሐሳቡም የቆየ ነው። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትሠራበታለች። አሜሪካ በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለሆስፒታሎች ስትፈቅድ በቀን ሁለት ጊዜ በአካል መጎብኘትንና ድንገት ቢደወል በ30 ደቂቃ መድረስን ግዴታ አድርጋለች። እኛም በኮቪድ ጊዜ ሰው በየቤቱ ተከታትለናል።

ሲስተር፦

ዶክተር፣ በኮቪድ ጊዜ ቤታቸው የቀሩት ምልክታቸው ቀላል የሆነ ነበሩ። የባሰበት ወደ ማዕከል ይገባ ነበር። እርስዎ አሁን የሚሉት አልጋ የሚያስይዘውን ሰው ስለሆነ ያ ምሳሌ አይሆንዎትም።

የ30 ደቂቃውንም ነገር በቀን አስልተውታል። ነሐሴ ላይ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ዝናቡ እየወረደ ያስሉት። ባጃጅ የለም። አድራሻው «ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሰማያዊ ቆርቆሮ በር» ነው፤ ሰማያዊ በር ደግሞ በዚያ ቅያስ አንድ አይደለም።

«አንዲት ነርስ ትበቃለች» ያሉትን እንቁጠረው። እጅ መታጠብ፣ ስድስቱን የኒውስ ምልክቶች መለካት፣ መድኃኒት መበጥበጥና መስጠት፣ ካኑላው የገባበት ቀልቶ ወይም አብጦ እንደሆነ ማየት፣ በሴላይን ማጠብ፣ ቻርት ላይ መጻፍ፦ 45 ደቂቃ። መንገዱ 20 ደቂቃ። አምስት ሰው በቀን ሁለቴ ሲጎበኝ 10 ጉብኝት፣ 650 ደቂቃ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ምሳ የለበትም፣ ካኑላ ተነቅሎ አዲስ መትከልም የለበትም። ሲደክማት መጀመሪያ የሚቀረው የትኛው ነው? ትንፋሽ መቁጠር። አንድ ደቂቃ ሙሉ መቆጠር ያለበት በግምት «20» ተብሎ ይጻፋል፤ ሰው እየባሰበት መሆኑን ከሁሉ ቀድሞ የሚናገረው ምልክት እንዲህ ይጠፋል።

ቤት ሲባል ደግሞ ሕመምተኛውና አልጋው ብቻ አይደሉም። ታመመ ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ ለጥየቃ ይመጣል። ጠያቂ ከመጣ ቡና ይፈላል፤ ከሰሉ ከአልጋው ሁለት ክንድ ርቆ ይቀጣጠላል፣ እጣን ይጨሳል። በዚያ ክፍል ኦክስጅን ሊከፍቱ ነው? ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ ብርድ ልብሱንና ትራሱን ግን በአንድ ፍንጣሪ እንደ ጭድ ያነዳቸዋል። ኦክስጅንን ከአየር የሚያጣራው መሣሪያ፣ ኮንሰንትሬተሩ፣ መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ መጠባበቂያ ብለው 680 ሊትር የሚይዘውን ትንሹን ሲሊንደር ቢያስቀምጡ፣ በደቂቃ 2 ሊትር ሲሄድ 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው የሚቆየው። ከምሽቱ 1 ሰዓት የጠፋ መብራት ካልመጣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሳይሞላ ባዶ ነው።

ይህን ሁሉ የምትጠብቀውስ ማን ናት? ምራት ናት፣ ሴት ልጅ ናት፣ ሚስት ናት። የእኛን የሌሊት ተራ ያለ ደመወዝ እሷ ላይ እንዳንጥል እፈራለሁ።

ዶክተሩ፦

በነርሷ ስሌት ተረትቻለሁ። ለአምስት ሰው በቀን ሁለት ነርሶች፣ ሌሊት አንድ ተረኛ ከነመኪናው። በኦክስጅኑም ልክ ነዎት፤ ኦክስጅን የሚያስፈልገው ሰው አይወጣም። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ኒውስ 94 እና 95 በመቶ ኦክስጅንን እንደ ጉድለት ቆጥሮ አንድ ነጥብ ይሰጣል፣ እዚህ ግን ጤነኛ ሰውም ያንን ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ከሰውየው የመጀመሪያ ቀን ቁጥር ጋር እናስተያየው። ጥፍሯ በሂና ወይም በእንሶስላ የጠቆረ እናት ከሆነች፣ መሣሪያው እንዳይሳሳት ቀለም ያልነካው ጣት ላይ ይደረጋል።

አድራሻውን ከሆስፒታል ሳይወጣ እንፈታዋለን። ነርሷ ሕመምተኛውን ራሷ ቤቱ ታደርሳለች፣ ቦታውን በስልኳ ካርታ ትይዛለች፣ ሌሊት ባትሪ ይዞ መንገድ ላይ የሚቆም አንድ ጎረቤት ስሙና ስልኩ ይመዘገባል። ጠያቂን በተመለከተ በሐኪም የተፈረመ የጥየቃ ሰዓት በሩ ላይ ይለጠፍ። ቤተሰቡ ራሱ እንግዳ መመለስ ስለሚከብደው ወረቀቱ ያግዘዋል።

አስታማሚዋን ያነሱት ከልቤ ገብቷል። ነገር ግን አሁንስ የት ናት? ካርቶን አንጥፋ አልጋው ሥር ታድራለች፣ ምግብ በሳህን ታመላልሳለች፣ የታዘዘ መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ትዞራለች፣ ቤት የቀሩት ልጆቿን ጎረቤት ያበላቸዋል። ሸክሙ ከድሮም እሷ ላይ ነው፤ ቢያንስ መንገዱንና ወለሉን እንቀንስላት።

የልብ ድካሙን ሰው ግን አልተውም። ደጋግሞ ተመልሶ የሚተኛው እሱ ነው፣ የሚመለስበትም ምክንያት ቤቱ ነው። ዋርድ ውስጥ «ጨው ቀንስ» ብለን እንሸኘዋለን፤ ቤቱ ስንገባ ግን ቡናውን በጨው እንደሚጠጣ እናያለን። በየማለዳው ሽንቱን ሸንቶ፣ ሳይበላ፣ በአንድ ሚዛን ይመዘናል። ሽንቱ መስመር በተሰመረበት ጆግ ይለካል። ውሃውን በሽንት የሚያስወጣው መድኃኒት፣ ላሲክስ፣ በደም ሥር ተሰጥቶት በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ሽንቱ በሰዓት 100 ሚሊ ሊትር ካልሞላ መጠኑ በእጥፍ ያድጋል፤ ይህ ምላሹ ሆስፒታል ሳለ ታይቶ ነው ወደ ቤት የሚሄደው።

ሲስተር፦

ዋርድ ያለችው አስታማሚ «ሲስተር!» ብላ ስትጣራ ቢዘገይም ሰው ይመጣል። ቤት ስትጣራ የሚሰማት ጎረቤት ነው። ልዩነቱ ይህ ነው ዶክተር፤ ካርቶኑ አይደለም።

ስለ ላሲክሱ ፖታሲየም ልጠይቅዎ። ላሲክስ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የተባለ ማዕድን ያወርዳል፤ ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒትም የሚወስድ ከሆነ የልቡ ምት ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ ደም በየጊዜው ተቀድቶ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ደሙ በባጃጅ፣ በኮብልስቶን ላይ እየተንገጫገጨ ሲመጣ ቀይ የደም ሴሎቹ ይፈነዳሉ፣ ውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ይፈስሳል፣ ውጤቱ ከፍ ብሎ ይነበባል። ፖታሲየሙ ወርዶ 2.8 የሆነው ሰው 3.9 ተብሎ ይመለስልዎታል። እርስዎም «ደህና ነው» ብለው ላሲክሱን ይቀጥላሉ።

ዶክተሩ፦

ቱቦው በስፖንጅ በተሞላ ሳጥን ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይድረስ። በረዶ ላይም አይቀመጥ፤ ብርዱ ራሱ ፖታሲየሙን ከሴሎቹ ያስወጣዋል። ከሴሎቹ የተለየው የደሙ ፈሳሽ፣ ሴረሙ፣ ቀይ ሆኖ ከተገኘ ላቦራቶሪው ቁጥሩን አይልክም፤ ደሙ እንደገና ይቀዳል።

ሲስተር፦

ላቦራቶሪው ሴረሙ የቀላበትን ቱቦ ለመመለሱ ዋስትና እስኪያሳዩኝ ድረስ የልብ ድካሙ ሰው እኔ ዘንድ ይቆይ። የቆዳውንና የኩላሊቱን ኢንፌክሽን፣ ሁለት ነርስና የሌሊት መኪና ካለ፣ አልከለክልም። የሳንባ ምች ያለበት ሰው ግን ኦክስጅን ባይፈልግም በሁለተኛው ቀን ሊገለበጥ ስለሚችል አልስማማም።

አንድ ነገር ግን በጽሑፍ እፈልጋለሁ። ቤት ለሄዱት አምስት ሰዎች አንድ አልጋ ባዶውን ተይዞ ይጠበቅ። ሌሊት ባሰበት ተብሎ የሚመለሰው በድንገተኛ ክፍል ወረፋ አይያዝ፤ ካርዱ ሳይዘጋ፣ በቀጥታ አልጋው ላይ ይግባ።

ዶክተሩ፦

ተቀብያለሁ። አንዱ ቢያዝም አራቱ ይለቀቃሉ።

ሲስተር፦

ይለቀቃሉ። ግን ያን ባዶ አልጋ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ከቦንጋ ሌሊት ሙሉ ተጉዞ የመጣ ሰው ወንበር ላይ እያቃሰተ፣ አልጋው አጠገቡ ተነጥፎ ሳለ፣ «ይህ የተያዘ ነው» የምለው በማን ፊርማ ነው?