የጠፉት የሃይድን ሶናታዎች፦ ጆሮ ይመስክር ወይስ ወረቀት?

ኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆሴፍ ሃይድን ከ1765 ገደማ ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ድርሰቶቹን በአንድ መዝገብ ያሰፍር ነበር፤ ከየድርሰቱም የመነሻውን ጥቂት ኖታዎች ይጽፍ ነበር። ከእነዚህ መካከል መነሻቸው ብቻ ተርፎ ሌላው የጠፋ ሰባት የኪቦርድ ሶናታዎች (ለፒያኖ መሰል መሣሪያ የተጻፉ ባለ ብዙ ክፍል ድርሰቶች) ይገኛሉ። በ1993 መጨረሻ ስድስቱ ተገኙ ተባለ። ታዋቂው የሃይድን አጥኚ ሮቢንስ ላንዶን ግኝቱን አበሰረ፤ የቪየናው ፒያኒስት ፖል ባዱራ-ስኮዳም ሶናታዎቹን ቀረጻቸው። ብዙም ሳይቆይ ግን በኮሎኝ የሚገኘው የሃይድን ተቋም ሐሰተኛ ናቸው አለ። ቅጂዎቹን ያቀረበው ቪንፍሪድ ሚሼል የተባለ የሙንስተር የዋሽንት መምህር ሲሆን፣ ያገኘኋቸው ከአንዲት አሮጊት ነው ብሎ ነበር። የታየው ፎቶኮፒ እንጂ ዋናው ጽሑፍ አልነበረም። ለመሆኑ እነዚህ ሶናታዎች መድረክ ላይ መቅረብ አለባቸው?

የፒያኖ መምህሩ፦ አለባቸው። የባዱራ-ስኮዳን ያህል ለዚያ ዘመን ሙዚቃ የቀረበ እጅ ብዙ አልነበረም፤ ያ እጅ ተጫውቷቸው ወደዳቸው። የተቋሙ መግለጫ በወጣ ማግስት የተለወጠ አንድም ኖታ የለም፤ የተለወጠው ስም ብቻ ነው። ቫዮሊን ተጫዋቹ ፍሪትዝ ክራይዝለር የቀደምት ደራሲያን እያለ ሲያቀርባቸው የነበሩ አጫጭር ድርሰቶች የራሱ መሆናቸውን በ1935 ሲገልጥ ተቺዎች ተቆጥተው ነበር። ቫዮሊን ተጫዋቾች ግን ዛሬም አልተዋቸውም። ለምን ይተዋሉ?

የመዛግብት ባለሙያዋ፦ ክራይዝለር በገዛ አንደበቱ ተናገረ፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ደግሞስ እርስዎ በጆሮ ይመኩ እንጂ፣ ሰዎቹን ያሳመናቸው ጆሮ ብቻ አልነበረም። የሶናታዎቹ መነሻ ከሃይድን መዝገብ ጋር ገጠመ፤ ያን ጊዜ ብዙዎች አመኑ። እንዴት አይገጥም? መነሻዎቹ እኮ ታትመው በየቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጠው ነበር። ማንም ገልብጦ ከዚያ መቀጠል ይችላል። መፈተኛው በተፈታኙ እጅ እያለ ፈተናውን አለፈ ማለት ምን ማለት ነው? ብራና መርማሪ ገድሉ ስላማረው ብቻ ዘመኑን አይወስንም፤ ቀለሙን ያያል፣ የፊደሉን አጣጣል ያያል፣ ቆዳውን ይዳስሳል። ፎቶኮፒ ደግሞ የሚዳሰስ ነገር የለውም።

የፒያኖ መምህሩ፦ የወረቀት ሰዎችም ይሳሳታሉ፣ እመቤቴ። በሃይድን ስም ኦፐስ 3 (ሥራ ቁጥር 3) እየተባሉ የታተሙት ስድስት የክር ኳርቴቶች (ለአራት ባለ ክር መሣሪያዎች የተጻፉ ድርሰቶች) ከመቶ ዓመት በላይ የእርሱ ተብለው ኖሩ፤ አሳታሚው ፕሌየል ባወጣው የሃይድን ኳርቴቶች ስብስብ ሳይቀር ገብተዋል። ዛሬ የመነኩሴው ደራሲ የሆፍሽቴተር ናቸው የሚለው ሐሳብ ይበልጣል። ከእነርሱ በአንዱ ውስጥ ያለው ዝነኛው ዜማ፣ ሴሬናዴው፣ ግን በዚህ ምክንያት ከሠርግ ቤት ወጣ? አልወጣም።

የመዛግብት ባለሙያዋ፦ ይህን ምሳሌ ስላመጡልኝ አመሰግናለሁ። ስሕተቱ የታወቀው በምን ነበር? የሙዚቃ ታሪክ አጥኚው አለን ታይሰንና ያው ሮቢንስ ላንዶን በ1964 እንዳሳዩት፣ ከፓሪሱ ጥንታዊ እትም ላይ የሆፍሽቴተር ስም ከማተሚያው ሰሌዳ ተፍቆ፣ ፍቀቱ ግን ለዓይን ቀርቶ ነበር። የያዘው ጆሮ ሳይሆን የተፋቀ ብረት ነው! ላንዶን ያን ጊዜ የብረት ጭረት አይቶ የፈረደ ሰው፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በፎቶኮፒ ረካ። የሚገርመኝ ይኸው ነው።

ስም ብቻ ተለወጠ ያሉትንም አልቀበልም። በሶናታዎቹ ውስጥ አንዳንድ ዝላይና ያልተጠበቀ የቅኝት ለውጥ ሲሰማ «በ1760ዎቹ እንዲህ ያለ ድፍረት!» ተብሎ ነበር የተደነቀው። ያው ለውጥ በሃያኛው ክፍለ ዘመን፣ የኋላዎቹን ደራሲያን ቤትሆቨንንም ሹበርትንም በሚያውቅ ሰው ከተጻፈ የቱ ላይ ነው ድፍረቱ? ኖታው ያው ነው፤ ሥራው ግን ያው አይደለም።

የፒያኖ መምህሩ፦ ይህኛው ነጥብዎ ከባድ ነው፤ ድፍረት የሚለውን ቃል እተዋለሁ። ነገር ግን ውበት በድፍረት ብቻ አይመዘንም። በደንብ የተገነባ፣ ለጣት የሚመች፣ ዘገምተኛ ክፍሉ የሚዘመር ሶናታ ለተማሪዬ ብሰጠው ምን ይጎዳዋል? ሚሼልም በኋላ ራሱ «የተሟሉ» ብሎ በስሙ አሳትሟቸዋል። እንግዲህ ማን ተታለለ?

የመዛግብት ባለሙያዋ፦ «የተሟሉ» የምትለዋ ናት የምታስቆጣኝ! ጥቂት ኖታ የሃይድን፣ የተቀረው የሌላ ሰው ሆኖ ሳለ ማሟላት ይባላል? ያጫውቱት ተማሪዎን፤ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ግን የሚሼል ስም በትልቁ፣ የሃይድን በግርጌ ይጻፍ።

የፒያኖ መምህሩ፦ በዚህስ እንስማማለን፤ የፊደሉን መጠን ግን እኔ ልወስን። ሰባተኛው ቢገኝስ?

የመዛግብት ባለሙያዋ፦ ወረቀቱ ራሱ ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ እናያለን። ከዚያ በፊት ፒያኖውን አይክፈቱ።

የፒያኖ መምህሩ፦ ያንን አልችልም፤ ተጫውቼው ነው የማመጣልዎ።